በሰው ማሳ ውስጥ ያለ ዋሻ እንዴት ይገባል? በአዳማ ዙሪያ ለሚወጡ የተዘጋጀ መመሪያ

ከአዳማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ያለ ሰው ገደል ሥር የተከፈተ ጥቁር አፍ ማየቱ አይቀርም። አንዳንዱ እረኞች ከዝናብ የሚጠለሉበት ጥግ ነው፤ አንዳንዱ ጅብ የሚያድርበት ጉድጓድ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሰው እጅ ተፈልፍሎ ማን እንደፈለፈለው የተረሳ ክፍል ነው። አብዛኞቹ የሚገኙት ቲኬት በሚቆረጥበት የጉብኝት ስፍራ ሳይሆን በአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ ዳር፣ በግጦሽ መሬት ወይም በተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ዋሻ ገብተው ለማየት ለሚፈልጉ፣ ነገር ግን ብዙ ልምድ ለሌላቸው ሰዎች ነው። የሚመለከተውም በእግር ተገብቶ በእግር የሚወጣበትን ዋሻ ብቻ ነው፤ በገመድ የሚወረድበት ጉድጓድና ውሃ የሞላበት ዋሻ በአሠልጣኝ ሥር የሚለመዱ በመሆናቸው እዚህ አልተካተቱም።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት ግን ሊታወቅ የሚገባው የባለይዞታው ቦታ ነው። የመሬቱ ባለይዞታ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚያ ዋሻ ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ስንገባ ውጭ ሆኖ የሚጠብቀን፣ በሰዓታችን ካልወጣን ደግሞ መንደሩን የሚጠራ ሰው ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ከእሱ ጋር በሚደረገው ንግግር ላይ የቆሙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የዋሻውን ዓይነት መለየት

ስለ ኢትዮጵያ ዋሻዎች የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው በባሌ የሚገኘውን ሶፍ ዑመርን ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋይን እያሟሟና እየሰረሰረ የሠራው ይህ ዋሻ መተላለፊያዎቹ ሲደመሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። በአዳማ ዙሪያ እንዲህ ያለ ነገር መጠበቅ የለብንም። ከተማዋ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ዋሻዎቹም አጫጭር ናቸው። በመሆኑም እዚህ ዋነኛው አደጋ መንገድ ጠፍቶ መባዘን ሳይሆን የጣራ መናድ፣ የአየር መበላሸትና ከእንስሳት ጋር መፋጠጥ ነው።

በተግባር አምስት ዓይነት ክፍተቶች ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው ጠንካራው ድንጋይ ከላይ ቀርቶ ከሥሩ ያለው ለስላሳ የአመድ ድንጋይ (ረግቶ የተጣበቀ የእሳተ ገሞራ አመድ) በዝናብና በነፋስ ተበልቶ የተፈጠረው ጥግ ነው፤ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ከላይ የተንጠለጠለው ድንጋይ ግን ቁመታዊ ስንጥቆች ስላሉበት በትልልቅ ብሎክ ይወድቃል። ሁለተኛው ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ፈስሶ ሲያልቅ የሚቀረው ቱቦ መሳይ ዋሻ ነው። ሦስተኛው በመተሐራ በኩል በፈንታሌ ተራራ ግርጌ የሚታየው ነው፤ ከተራራው የወጣው ትኩስ አመድ ረግቶ ሲጣበቅ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ቅርፊቱን እንደ ዳቦ አንፍቶታል፣ ከእነዚህ እብጠቶች የተሰበሩትም ዛሬ እንደ ጉልላት ያለ ጣራ ያላቸው ዋሻዎች ሆነዋል። (የፈንታሌ አካባቢ በከፊል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በዚያ ክልል ፈቃድ የሚጠየቀው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከፓርኩ ውጭ ያለው መሬት ደግሞ የከረዩ አርብቶ አደሮች በጋራ የሚያሰማሩበት በመሆኑ ከአንድ ሰው ጋር ሳይሆን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር መነጋገርን ይጠይቃል።) አራተኛው በሰው እጅ የተፈለፈለው ነው። የአመድ ድንጋይ በመጥረቢያና በመሮ የሚታዘዝ በመሆኑ ሰዎች ለማደሪያ፣ ለከብት፣ ለጸሎት ወይም ለመሸሸጊያ ሲፈለፍሉት ኖረዋል፤ በግድግዳው ላይ የመሣሪያ ጭረት ከታየ ዋሻው የሰው ሥራ ነው፣ ይህም ቀጥሎ እንደምናየው የሕግ ጉዳይ ያስከትላል።

አምስተኛው በጭራሽ የማይገባበት ነው። ፑሚስ ወይም ሬድ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሲወጣበት ኖሮ የተተወ የካባ ግድግዳ ሥር የሚታይ ጉድጓድ ዋሻ ቢመስልም ዋሻ አይደለም፤ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ጠጠር ለጊዜው ቆሞ ነው። ከክረምት በኋላ በማሳ መካከል በድንገት የሚከፈቱት የመሬት ስንጥቆችም እንዲሁ ናቸው። ከሥር ያለው አመዳም አፈር በጎርፍ ስለታጠበ ከላይ ደረቅ መሬት የሚመስለው ጠርዝ ባዶ ላይ የተዘረጋ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ከሩቅ አይቶ ማለፍ ነው።

ደረጃ 2፦ ባለይዞታውን ማግኘትና ፈቃድ መጠየቅ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንዳንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «መሬቱ የግል ካልሆነ ማን ይከለክለኛል?» ሲል ይደመጣል። ይህ ስሕተት ነው። ገበሬው የመጠቀምና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ያለው ሲሆን፣ ማሳው ላይ ሳያስፈቅዱ መግባት የሰው ደጅ ገፍቶ እንደመግባት ይቆጠራል። ከሕጉም በላይ፣ በሰብል መካከል የሚንከራተት የማይታወቅ ሰው በገጠር ወዲያውኑ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል፤ ባትሪና ገመድ ይዞ ከዋሻ ሲወጣ የተገኘ እንግዳማ የተቀበረ ወርቅ ፈላጊ ተደርጎ ቢያዝ ሊገርመው አይገባም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ጉዞ ወደ ዋሻው አይሄዱ፤ ለንግግር ብቻ ይሂዱ። መንደሩ ሲደርሱ በመንገድ ያገኙትን ሰው ስለ ዋሻው ሳይሆን ስለ መሬቱ ባለቤት ይጠይቁ። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ በመሆኑ ዋሻን «ሆልቃ»፣ የመሬቱን ባለቤት ደግሞ «አባ ለፋ» ማለትን ማወቅ መንገድ ያቀናል፤ ቋንቋውን የሚችል ሰው ከቡድኑ ውስጥ ከሌለ ከከተማ ይዞ መሄድ ይሻላል። አባወራውን «ኦቦ»፣ እማወራዋን «አዴ» ብሎ መጥራት ተገቢ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ መግባት አይገባም፤ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ለይስሙላ የሚቀርብ አይደለም፤ ስለ ዝናቡ የሚሰጡት መልስ በኋላ ስለ ዋሻው ወለል የሚነግርዎ ነገር አለው።

ፈቃዱ ከአንድ ሰው ብቻ መወሰድ የለበትም። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ሊኖር ይችላል፤ መሬቱ የተከራየ ወይም የእኩል የታረሰ ከሆነ አራሹም ይመለከተዋል፤ ካባ ከሆነ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ሊኖሩበት ይችላሉ። ለቀበሌው አስተዳደር በቃልም ቢሆን ማሳወቅ ከጥርጣሬ ያድናል። አንድ ጊዜ እኔና ሦስት ጓደኞቼ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደን ሰውዬው ሳያንገራግሩ «ግቡ፣ ምን ችግር አለ» አሉን። ልንነሣ ስንል ቡና የሚያፈሉት ባለቤታቸው ከጓዳ በር ሆነው «ፍየሊቱ የሞተችበትን ነው?» ብለው ጠየቁ። ባልየው ጅብ የገደላት መስሏቸው ረስተውት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ፍየሊቱን ጎትተው ያወጡት እሳቸው ስለነበሩ አካሏ ላይ የንክሻ ምልክት እንዳልነበረ ያስታውሳሉ። ወደዚህ ነገር በደረጃ 6 እንመለስበታለን።

ባለይዞታውን የምንጠይቀው «መግባት ይቻላል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። መጨረሻ የገባበት ሰው ማን ነበር፣ መቼስ ነበር? በክረምት ውሃ ይገባበታል ወይስ ይወጣበታል? ከብት፣ ፍየል ወይም ውሻ ገብቶ ያልተመለሰበት ጊዜ ነበር ወይ? ማታ ማታ የሚወጣ እንስሳ ይታያል? ንብ አለበት? ማለዳ እንፋሎት ይታይበታል፣ ሽታስ አለው? የተቀበረ ሰው፣ የሚሳልበት ወይም የሚከበር ስፍራ ነው ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በጥንቃቄና በመጨረሻ ይቀርባል። ሶፍ ዑመር ራሱ በአንድ የእስልምና አባት ስም የሚጠራና ምእመናን የሚሰበሰቡበት ቅዱስ ስፍራ ነው፤ ስማቸው ከመንደሩ ያላለፈ፣ ግን በዚያው ልክ የሚከበሩ ትንንሽ ዋሻዎችም በየቦታው አሉ። «አይገባበትም» ከተባለ ምክንያቱን ለማወቅ መጨቅጨቅ አያስፈልግም። ሽማግሌዎች «ዛር አለበት» ወይም «የገባ አይወጣም» ብለው የሚከለክሉት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ እውነተኛ የሞት ታሪክ ከኋላው ያለው ነው።

ስለ ገንዘብ መነጋገር ነውር አይደለም። የሚጠብቅልን ሰው የሥራ ቀኑን ስለሚያጣ የዚያን ቀን የጉልበት ዋጋ አስቀድሞ ተስማምቶ መክፈል ተገቢ ነው። በር ላይ ስለሚዘጋ አጥር፣ ስለማይረገጥ ሰብልና ስለ መኪና ማቆሚያም በዚሁ ጊዜ ይነጋገሩ።

ደረጃ 3፦ የቅርስን ሕግ ማወቅ

የድሬዳዋው ፖርክ ኤፒክና በወላይታ በዳሞታ ተራራ ላይ የሚገኘው ሞቼና ቦራጎ በውስጣቸው የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች በአስር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው እንደኖረባቸው ያሳዩ ናቸው። የማንኛውም ዋሻ ወለል እንዲህ ያለ ነገር ሊይዝ ይችላል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር የተከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ለቅርስ ባለሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ አካፋና ዶማ ይዞ መሄድ የለም። የሸክላ ስባሪ፣ አጥንት፣ የተሳለ ድንጋይ ወይም የግድግዳ ሥዕል ካዩ ሳይነኩ ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውን ጽፈው፣ ለባለይዞታውና በወረዳው የቅርስ ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይንገሩ።

አጥንትና ብረት አንድ ላይ ከታዩ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በዋሻ ይሸሸጉ ነበር፤ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ አካባቢ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ስፍራ የተጠለሉትን የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ ጭምር ፈጅቷቸዋል። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል የዛገ ነገር ሲታይ የመጡበትን ዱካ ተከትሎ መውጣትና ለፖሊስ በ991 መደወል ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ጊዜ አለመግባት የተሻለ ነው። የአመድ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል፤ የሚናደውም በዝናቡ ቀን ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ካበቃ ከቀናት በኋላም ነው። በእኔ ግምት ተስማሚው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በበልግ ወራትም በአካባቢው ባይዘንብ እንኳ ከላይ ያለው ተራራ ላይ ደመና ከታየ አፉ የውሃ መውረጃ ላይ ወዳለ ዋሻ አይገባም፤ አዳማን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ ከዙሪያዋ ካሉ ኮረብታዎች የሚወርድ መሆኑን የከተማዋ ነዋሪ ያውቃል።

የመሬት መንቀጥቀጥም ሊረሳ አይገባም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ለወራት የዘለቀው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፣ በአካባቢው የነበሩ በርካታ ነዋሪዎችንም አፈናቅሏል። ከዚያ በፊት ደጋግመን የገባንበት ዋሻ ከዚያ በኋላ ያው ዋሻ አይደለም። በቅርብ ሳምንታት ንዝረት ከተሰማ ጉዞውን ማስተላለፍ፣ ከገቡም በኋላ ሲሰማ ወዲያውኑ መውጣት ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ሰውና ዕቃ ማዘጋጀት

ትንሹ ቡድን አራት ሰው ነው። አንዱ ቢጎዳ አንድ ሰው አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ደግሞ ተያይዘው ወጥተው ይጠራሉ። ከእነዚህ ሌላ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ባለይዞታው ወይም እሱ የሚወክለው ጎልማሳ ቢሆን ይመረጣል። ልጆች የዋሻውን አፍ ለማሳየት ሲሽቀዳደሙ ማየት የተለመደ ነው፤ ተከትለው እንዳይገቡ ቀድሞ ከወላጆቻቸው ጋር መነጋገር ይገባል።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት የተለያዩ መብራቶች ይይዛል፤ ቢያንስ አንዱ ሁለቱንም እጅ ነጻ የሚያደርግ የግንባር ባትሪ መሆን አለበት። አዲስ የባትሪ ድንጋይም በተጨማሪ ይያዛል። የስልክ መብራት ከሦስቱ አይቆጠርም፤ ስልኩ ሲወጡ ለመደወል የሚያስፈልግ ስለሆነ ኃይሉ ይቆጠብ። ለራስ የተራራ መውጫ ሄልሜት ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ አገጭ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ያለው የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት ከባዶ ራስ ይሻላል። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡት ጫማ፣ ወፍራም ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ፊሽካ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃና ኤን 95 የሚባለው ማስክ ይጨመራሉ። ማስኩ በደረጃ 9 ለሚነገረው የሌሊት ወፍ ኩስ አቧራ ነው፤ የጨርቅ ማስክ ለዚህ አያገለግልም።

ደረጃ 6፦ ከዋሻው አፍ ላይ አየሩን መመርመር

ይህ ክፍል ረዘም ያለው ሰው በአካባቢያችን ጉድጓድ ውስጥ ሳይታሰብ የሚሞተው ከድንጋይ ይልቅ በአየር በመሆኑ ነው። በሐረርጌ እህል በጉድጓድ የሚያኖሩ ገበሬዎች ጉድጓዱ እንደተከፈተ ወዲያው አይገቡበትም፤ ሲናፈስ ይቆያል። እህሉ ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ዋሻም ወደ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ እንደ እህል ጉድጓድ መታየት አለበት። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ምክንያቱ ይጨምራል፤ በሶደሬና በገርገዲ ፍል ውሃ የሚያፈላው፣ በቦኩ ከመሬት እንፋሎት የሚያወጣው ሙቀት በስንጥቆች በኩል ጋዝም ይልካል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ምርመራ ሻማ ወይም ላይተር ይዞ መግባትና ሲጠፋ መመለስ ነው። እዚህ አካባቢ በዚህ መተማመን አደገኛ ነው። ነገሩ በሒሳብ ይገለጻል። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ነበልባል የሚጠፋው ኦክስጅኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። ጋዙ ከመሬት የሚመጣ ከሆነ ኦክስጅኑን እዚያ ለማድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከአየሩ አንድ አምስተኛ በላይ መሆን አለበት። ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ለማሳት ግን 10 በመቶ ይበቃል። ስለዚህ ሻማው እየበራ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። የሻማው መጥፋት መውጣት እንዳለብን ይነግረናል፤ አለመጥፋቱ ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ተቀጣጣይ ጋዝ ካለበት ደግሞ እሳቱ ራሱ አደጋ ነው።

የጋዝ መለኪያ መዋስ ወይም መከራየት የሚችል ሰውም ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ሠራተኞች በጉድጓድ ሲገቡ የሚይዙት የተለመደው ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ኦክስጅንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድንና ተቀጣጣይ ጋዝን ይለካል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አይለካም። አየሩ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢኖረው ኦክስጅኑ 19.9 ገደማ ሆኖ ይነበባል፣ መሣሪያው ደግሞ በተለምዶ የሚጮኸው ከ19.5 በታች ሲሆን ነው። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለብቻው የሚለካ መሣሪያ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንደኛ፣ ወለሉ ከአፉ በታች ወደሚወርድ ዋሻ አይግባ፤ ወለሉ እኩል የሆነ ወይም ወደ ላይ የሚወጣና አየር የሚዘዋወርበትን ይምረጥ። ሁለተኛ፣ የሞቱ ነፍሳት፣ ወፎች ወይም ትንንሽ እንስሳት ሳይበሉ ተኝተው ከታዩ እግር አይግባ። ሦስተኛ፣ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለና ይመለስ፤ ይህ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ስለሚያደነዝዝ ሽታው «ጠፋ» ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አራተኛ፣ ውስጥ ሆኖ ሳይሮጥ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ራሱን ካመመው፣ ልቡ በኃይል ከመታ ወይም ያለ ምክንያት ከተደናገጠ አንድም ነገር ሳይመረምር ለጓደኞቹ ተናግሮ ይውጣ። ዕቃ ለማንሣትም ሆነ ፎቶ ለማንሣት ማጎንበስ ወደ ከባዱ ጋዝ መውረድ ነው።

ወደ ፍየሊቱ ልመለስ። እዚያ ዋሻ አፍ ላይ ቆመን ስናይ ወለሉ ከበሩ ጀምሮ ወደ ታች እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይወርዳል፤ በሳህኑ ግርጌ ደግሞ የጢንዚዛና የአንድ ወፍ በድን ነበር። ሰው ቆሞ ቢገባ ለጥቂት እርምጃ ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ፍየል ግን አፍንጫዋ መሬት ነው። አልገባንም። ባለይዞታው ከዚያ በኋላ አፉን በእሾህ ዘግተውታል።

ደረጃ 7፦ እንስሳትን ማሳወቅና መጠበቅ

ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አባላቱ ከአፉ ጎን፣ ፊት ለፊት ሳይሆን፣ ቆመው ለአስር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ይነጋገሩም። ጅብ፣ ጃርት ወይም ዝንጀሮ መውጫው ካልተዘጋበት መሸሽን ይመርጣል፤ አደጋ የሚሆነው መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ሲኖር ነው። አዲስ የእግር ዱካ፣ ትኩስ አጥንት ወይም የግልገል ድምፅ ካለ ያ ቀን የእንስሳው ነው። ድንጋይ ወርውሮ ወይም ጭስ አጭሶ ማስወጣት አይገባም፤ በንብ ላይ ይህን ያደረገ ሰው የሚከፍለውን የሚያውቅ ያውቃል። እፉኝት እግር ሲቀርባት ሸሽታ ከመሄድ ይልቅ ተኝታ የመቆየት ልማድ ስላላት እጅና እግር የሚያርፍበትን ሁሉ በብርሃን ማየት ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ውስጥ መንቀሳቀስ

ለጠባቂው የመግቢያና የመውጫ ሰዓት በግልጽ ይነገረዋል፤ ለምሳሌ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንገባለን፣ 5 ሰዓት ላይ እንወጣለን፣ 6 ሰዓት ድረስ ካላዩን ሰው ይጥሩ፣ እርስዎ ግን አይግቡ» ይባላል። ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢሰጠው ይበልጥ ይጠቅማል።

በየጥቂት ሜትሩ ቆመው ጣራውን ይመልከቱ። ወለሉ ላይ ያለው ስባሪ ጠርዙ የተሳለና ቀለሙ ከዙሪያው የነጣ ከሆነ በቅርቡ የወደቀ ነው፤ አቧራና ሸረሪት ድር ያለበሰው ደግሞ ቆይቷል። በጣራው ላይ የሥር ጭራ፣ እርጥበት ወይም አዲስ ስንጥቅ ካለ ከሥሩ አይቁሙ። ጣራን በዱላ መምታት፣ በጠባብ ቦታ መጮህና የተደገፈ እንጨት መነቅነቅ ክልክል ነው። ደረት የማያሳልፍ ጥበት ውስጥ ለመግባት መታገል ለጀማሪ አይመከርም።

መጋጠሚያ ሲገኝ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ትልቅ ልማድ ነው፤ በመመለሻ የሚታየው ቅርጽ በመግቢያ ከታየው ጋር አይመሳሰልም። ምልክት ካስፈለገ ሲወጡ የሚነሣ ባለ ቀለም ሪባን ይጠቀሙ እንጂ በቀለም አይጻፉ። ከሦስቱ መብራት አንዱ እንደጠፋ፣ ወይም ከታሰበው ጊዜ ግማሹ እንዳለቀ፣ ወይም አንድ አባል «ደስ አላለኝም» እንዳለ ቡድኑ በሙሉ ይመለሳል። የመጨረሻው ምክንያት ማብራሪያ አይጠየቅበትም።

ደረጃ 9፦ የሌሊት ወፍና ነፍሳት ካሉ

የሌሊት ወፍ በብዛት የሚኖርበትን ክፍል አይግቡ። ደረቅ ኩሳቸው ሲረገጥ የሚነሣው አቧራ ሳንባን የሚያጠቃ ሂስቶፕላዝማ የተባለ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። ከዚህ የከፋው ማርበርግ ነው፤ ቫይረሱን የሚሸከመው በዋሻ የሚሰፍር ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ሲሆን፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ አንድ ዋሻ የጎበኘች የኔዘርላንድስ ዜጋ በዚሁ በሽታ ሞታለች። በአገራችንም በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ወረርሽኝ መከሰቱ ይፋ ሆኗል። ወፎቹን ማስደንገጥ፣ መያዝ ወይም መግደል ደግሞ አደጋውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሽኮኮ የሚኖርባቸው ገደሎችና ዋሻዎች የቁንጭርን ጥገኛ ተሕዋስ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መጠለያ ናቸው። ዝንቧ የምትናከሰው በተለይ ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ በዋሻ ውስጥ ማደርና ሲመሽ አፉ ላይ መቀመጥ አይገባም፤ ክንድና አንገትም ይሸፈን።

ደረጃ 10፦ ችግር ሲፈጠር

አንድ ሰው በድንገት ከወደቀና ድንጋይ ካልመታው መንስኤው አየር ነው ብሎ መገመት ያስፈልጋል። ሊያወጡት የሚገቡት በላዩ ላይ ይወድቃሉ። በአካባቢያችን የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚደርሰው አደጋ ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርብ ከሆነና ቀድሞ ገመድ ከታሰረበት ከውጭ ይጎተታል፤ ካልሆነ ሁሉም ወጥቶ ይጠራል። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፣ ለፖሊስ 991 ነው። ሲደውሉ የቀበሌውን ስም፣ መኪና እስከ የት እንደሚደርስና ማን መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ይናገሩ፤ ይህን ከሁሉ አስተካክሎ የሚያስረዳው ባለይዞታው ስለሆነ ስልኩን ለእሱ ይስጡት።

ድንጋይ የመታው ሰው ጀርባውን ወይም አንገቱን ካመመው፣ ጣራው ሌላ እስካልጣለ ድረስ ሳይነቃነቅ ይሸፈንና ሰው ይጠበቅ። የሌሊት ወፍም ሆነ ሌላ እንስሳ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ ከዚያም በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል። እባብ የነደፈውን አካል መብጣት፣ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር አይገባም።

ደረጃ 11፦ ከወጡ በኋላ

ሁሉም መውጣታቸው ተቆጥሮ ለጠባቂው በአካል ይነገረዋል፤ በሌላ አቅጣጫ ወጥቶ ሳይናገር ወደ ከተማ የተመለሰን ቡድን መንደሩ ሌሊት ሙሉ ሲፈልግ ሊያድር ይችላል። ያዩትን ለባለይዞታው ያካፍሉ፦ የተሰነጠቀ ጣራ፣ የጋዝ ምልክት፣ ልጆች ሊወድቁበት የሚችል ጉድጓድ ካለ ለእሱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። የዋሻውን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም የእሱ ፈቃድ ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ በማሳው የሚያልፈውን ሕዝብ የሚችለው እሱ ነውና።

ልብስና ጫማ ቤት ከመግባታቸው በፊት ይራገፉ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፤ ማስኩም በላስቲክ ታስሮ ይጣል። የሂስቶፕላዝማ ሕመም በአብዛኛው ከ3 እስከ 17 ቀን፣ ማርበርግ ደግሞ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ምልክት ያሳያል። አዳማ የወባ አካባቢ በመሆኗ ትኩሳት ይዞት የሄደን ሰው መጀመሪያ ለወባ መመርመር፣ ሳሉ ሲቆይ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳን መጠርጠር የሐኪሙ ተፈጥሯዊ አካሄድ ነው። ስለዚህ የገቡበትን ቀን በስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝግቡ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም ሳል ከያዘዎት ወደ ጤና ተቋሙ ሲደርሱ፣ ከሰው ጋር ተቀላቅለው ተራ ከመያዝዎ በፊት፣ ዋሻ ገብተው እንደነበርና የሌሊት ወፍ እንደነበረበት ይናገሩ።